ሳል ያለበት ኮንሰርት

ሃያ ሁለት አካባቢ ካፌ ውስጥ የምታስተናግደው አስማ የሽማግሌውን ስም አታውቅም፤ ሳላቸውን ግን ከሺህ ሳል መሃል ትለየዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ካፖርታቸውን አስተኩሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ይመጡና ስፒከሩ ሥር ይሰየማሉ። የሚያዙት ሁለት ነገር ነው፤ ማኪያቶና አንድ የእንግሊዝ ጃዝ ሮክ ባንድ ድሮ ለንደን መድረክ ላይ ሲጫወት የተቀዳ ኮንሰርት። ሳክስፎኑ ዝግ ሲል ከታዳሚው መሃል አንድ ሰው ይስላል። ይሄኔ ሽማግሌው ብድግ ብለው ወደየጠረጴዛው እጅ ይነሳሉ።

«ይቅርታ፣ እኔ ነኝ። ብርድ መትቶኝ ነበር።»

«ለንደን ምን ሊሠሩ ሄደው ነው ጋሼ?» ትላቸዋለች አስማ።

«ይኸው ስስል ትሰሚኛለሽ አይደል?»

ከዚህ ሌላ አይወጣቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ አስማ ልታስደስታቸው ብላ ኮሽታው ሁሉ ወጥቶለት የጸዳውን አዲሱን ቅጂ ከስልኳ ከፈተችላቸው። ሳክስፎኑ ዝግ አለ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ገና ግማሽ ተነሥተው ጠበቁ። የሳለ ሰው የለም። ቀስ ብለው ተቀመጡና የካፖርታቸውን ደረት ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ልጄ» አሏት፣ «ታዲያ እኔ ያን ማታ የት ነበርኩ?»