ቡታጅራ አልነሳም ብላለች

የያዙኝ ወልቂጤ መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆሜ ስልክ ሳወራ። ስልክ ላይ መጮህ አመሌ ነው። እምድብር ያለችው እናቴ፣ «አንተ እኮ ስልክ አያስፈልግህም፤ እንዲሁ ድምፅህ ይደርሰኛል» ትለኝ ነበር። የዚያን ቀንም መናኸሪያው በሙሉ ሰምቶኛል።

«ወልቂጤ ተነስታለች!» አልኩት የሥራ ባልደረባዬን። «ቡታጅራ ግን አልነሳም ብላለች። ዛሬ ሄጄ አስነሳታለሁ። ከላይ የሚመጣላቸው ሰዓት ጠፍቶባቸው ነው እንጂ እኩል ይነሱ ነበር።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስልኩን ሳልዘጋ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ያዙኝ።

እኔ የስልክ ማማ ቴክኒሻን ነኝ። በእኛ ቋንቋ ማስነሳት ማለት የደረቀ ማሽን አጥፍቶ ማብራት ነው። ማማዎቹ ሁሉ ከሳተላይት አንድ ሰዓት ይቀበላሉ። ሰዓታቸው ቅንጣት ታህል ከተዛነፈ፣ መንገደኛ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ሲሻገር ወሬው አፉ ላይ ይቆረጣል። ታዲያ ያ ሰሞን የአድማ ሰሞን ነበር። ሱቆች ተዘግተው፣ ሰው በሹክሹክታ እያወራ፣ እኔ ከተማ አስነሳለሁ እያልኩ እጮሃለሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እርጥብ። ሽታው ግን በርበሬ በርበሬ ይላል። ለካ ሽታው ጥግ ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢ ነው የሚመጣው፤ በርበሬ ሊሸጡ ከቡታጅራ የመጡ ሐጂ ናቸው። የሚሸጡበትን ሱቅ ለሰላት ቢዘጉ «አድመሃል» ተብለው ነው የገቡት።

«አንተስ ልጄ፣ ምን አድርገህ ነው?» አሉኝ።

«ቡታጅራን ልታስነሳ ነበር ብለውኝ ነው፣ ሐጂ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ወላሂ አታውቃትም! እኔ የገዛ ልጆቼን ንጋት ላይ ለሱብሒ ሰላት ማስነሳት አቅቶኛል።»

እስር ቤት ውስጥ እስቃለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ነገሩን በዝርዝር ሳስረዳቸው ቶሎ ገባቸው። «ረመዳን ላይ ትንንሾቹ መስጊዶች የትልቁን አዛን ይጠብቃሉ። ትልቁ ዝም ካለ ግን ሁሉም በየራሱ ሰዓት ያፈጥራል፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። እንደሱ በላቸው፣ ይገባቸዋል» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ፊት አቀረቡኝ።

«ከላይ ሰዓት የሚሰጣችሁ ማነው?»

«ሳተላይት ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«ሰማይ ላይ።»

«ትቀልድብኛለህ?»

«ኧረ በፍጹም!» አልኩና የሐጂን ምሳሌ ነገርኩት። መርማሪው ወደ ፊት ጠጋ አለ። «ታዲያ መስጊዶቹም አሉበት ማለት ነው?»

እሱ ቃሌን ኮምፒውተሩ ላይ መጻፍ ቀጠለ።

«ወልቂጤንና ቡታጅራን አስነሳለሁ ብለሃል፤ አላልክም?»

«ብያለሁ፣ ግን…»

«ግን የለውም። ወረቀቱ ይውጣና ፈርም፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ከፈረምኩ የምገባው ቤቴ ሳይሆን ወህኒ እንደሆነ አውቃለሁ። ሕዝብ ማነሳሳት ቀላል ክስ አይደለም። ፈራሁ። ያም ሆኖ «ቤትህ» የምትለዋ ቃል አባብላኝ፣ ዓይኔ እስክሪብቶው ላይ ነበር።

ወረቀቱ ግን አልወጣም። ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። መርማሪው ቢነካካው፣ ቢደበድበው እንቢ አለ። በር ላይ የቆመውን ፖሊስ ጠራው።

«ና እስቲ ይሄን አስነሳልኝ!»

ፖሊሱ ታገለ፣ ታገለ። «አልነሳም ብሏል፣ ጌታዬ።»

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ ቴክኒሻን ነኝ አላልክም? አስነሳው እንጂ!»

ተነስቼ ቆምኩና እጆቼን ወደ ኋላ አጣመርኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የታሰርኩት በማስነሳት ነው። ክስ አያስጨምሩብኝ።»

ፖሊሱ አፉን በኮፍያው ሸፈነ። መርማሪው ኮምፒውተሩን አየ፤ እኔን አየ።

«ማስነሳት የምትለው… ይሄን ነው?»

«ይሄን ነው። የቡታጅራው ብቻ ትንሽ ይከብዳል።»

መርማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በል አስነሳውና ውጣ» አለኝ።

አልነካሁትም። «መጀመሪያ ቃሌ ውስጥ 'ማሽን' የምትል ቃል ይጨመርልኝ። ሐጂም ሱቅ የዘጉት ለሰላት መሆኑ ይጻፍላቸው» አልኩ። በወረቀት ጀርባ ላይ በእጁ ሁለቱንም ጻፈ። ያኔ ኮምፒውተሩን አስነሳሁለት።

ሐጂ ከእኔ ጥቂት ዘግይተው ተፈቱ። ዛሬም ከቡታጅራ ይደውላሉ፤ «ማማህስ ተነስታለች፣ ልጆቼ ናቸው እንጂ አልነሳ ያሉኝ!» ይሉኛል። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ አንድም ቃል አይቆረጥም።

እኔ ግን ስልክ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማውራት ለምዶብኛል። ከመናገሬ በፊትም ግራና ቀኝ አያለሁ። እናቴ ስትደውል፣ «ልጄ፣ ድምፅህ ራቀብኝ፤ አሞሃል እንዴ?» ትለኛለች።

ኔትወርኩ ነው እላታለሁ።