ኩርፊያና እንስራ

የባቡር ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ከጫልቱ ጋር የተጣላሁ ይመስለኛል። ጫልቱ የጎረቤታችን ልጅ፣ በዕድሜም በቁመትም እኩያዬ ነበረች፤ እኔ ኦሮምኛን ከእሷ፣ እሷ አማርኛን ከእኔ ለቅመን፣ በሁለቱም ቋንቋ እንጣላ ነበር። አዳማ ያኔ ጣቢያው፣ ገበያውና ጥቂት ጎጆዎች ብቻ ነበረች፣ ባቡሩ ውሃ ሊሞላ ሲቆም ሮጠን እናየው ነበር። አንድ ቀን እኔ የሚጮኸው ጠምቶት ነው አልኩ፤ እሷ የለም፣ ጠጥቶ ሲጠግብ ነው አለች፤ በዚሁ ተኳረፍን።

ክረምት ቢሆን ዝናቡን በየደጃችን ስለምናጠራቅም ኩርፊያው ይረዝም ነበር። በበጋ ግን ውሃ የሚቀዳው ከሩቅ ጉድጓድ ነው፣ ሙሉ እንስራ ደግሞ ለብቻ ጀርባ ላይ አይወጣም፤ አንዷ ታሸክማለች፣ የተሸከመችውም ጎንበስ ብላ ሌላዋን ትደግፋለች።

ያን ቀን ገበያ ስለነበር ጉድጓዱ ዘንድ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። እናቴ ለወንድሜ ክርስትና ጠላ ልትጠምቅ ውሃውን ትጠብቃለች፣ ከዘገየሁ ቁንጥጫው አይቀርልኝም። እንስራችንን ሞልተን ተቀመጥን፣ ላለመነጋገር ብለንም ከእንስራ ጋር ማውራት ጀመርን።

«እንስራዬ፣ ያቺን ልጅ ፀሐዩ ከረረ በያት» አልኩ።

«እንስራ፣ ባቡሩ ጠግቦ ነው ካለች አሸክማታለሁ በያት» አለች ጫልቱ።

እኔ እንስራዬን ይዤ ፊቴን አዞርኩባት።

ጥቂት ቆይታ ጫልቱ ብድግ አለችና አሸከመችኝ። ምስጋናዬን እዩልኝ እንግዲህ፤ ልክ እንደ ተሸከምኩ «ጠምቶት ነው» ብዬ ጥያት ሄድኩ። ትለምነኛለች ብዬ ጆሮዬን ወደ ኋላ ጥዬ ተራመድኩ፤ ምንም የለም። ዞር ስል ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ እንስራዋን አቅፋ ተቀምጣለች።

«አትፍሪ» ትላታለች፣ «ትመለሳለች።»

ምን ላድርግ፣ ተመለስኩ። ጎንበስ ብዬ ስደግፋት ከእንስራዬ ውሃው በአንገቷ ተንቆረቆረ፣ እሷ ስትዘል የእሷው በእኔ ላይ ፈሰሰ። መንገዱን ሙሉ ማን አፈሰሰው እያልን እንደገና ተጨቃጨቅን፣ ግን በአፋችን ነበር፣ በእንስራ አልነበረም። ቤት ስንደርስ እናቴ ሰማዩን አየች፣ እኛን አየች፣ ከዚያም የእኔ ልጅ የሰው ልጅ ሳትል ቁንጥጫውን እኩል አካፈለችን።

ዛሬ ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው፣ እግዜር ይመስገን፣ የልጆቹ ወገብ አረፈ። የልጅ ልጄ ግን ከጎረቤት ጓደኛዋ ጋር ከተኳረፈች ሁለት ሳምንት አልፏታል፣ አንዷም የሌላዋን ደጅ አልረገጠችም። እኔም ልጄን «እባክሽ ቧንቧውን ዝጊባቸው» እላታለሁ። ቀልድ መስሏት ትስቃለች።