ለላሮና የመጣው ቀለበት

ኬሌቦኔ ስልክ ሲጮህ መደንገጥ ከጀመረች ወራት አልፈዋል። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ጋቦሮኔ ባለው የአልማዝ ፋብሪካ ውስጥ፣ የአልማዙን ድንጋይ የሚያለሰልስ የሚሽከረከር መሞረጃ ላይ አጎንብሳ ግማሽ ዕድሜዋን ስታሳልፍ፣ ስልኳ በር ላይ ዘበኛው ጋ ተቀምጦ ይውል ነበርና ማን ደወለ ማን ቀረ ግድ አይሰጣትም ነበር። አሁን ግን ፋብሪካው «ገዢ ጠፍቷል፤ ሥራ ሲኖር እንደውላለን» ብሎ ሠራተኛውን ወደየቤቱ ስለሸኘ፣ ሽንት ቤት እንኳ ስልኩን ይዛ ትገባለች። ደዋዩ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ጎረቤቶቿም እረፍት አልሰጧትም። ክሊኒኩ መድኃኒት የለውም፣ የመንገዱ ሥራ ቆሟል፣ የወንድሟ ልጅ ተመርቆ ቤት ተቀምጧል፤ ለምን ሲባል የሁሉም መልስ አልማዝ አልተሸጠም ነው። ቦትስዋና ውስጥ አልማዝ ካልተሸጠ የማይነካ ቤት የለም። ኬሌቦኔ ግን የሰው ወሬ ያናድዳታል።

«ሟርታችሁን ተዉልን እባካችሁ!» ትላለች። «ሰው ማግባት አቆመ እንዴ? እስካገባ ድረስ ቀለበት ያስራል። ይደውላሉ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ከፍ ይላል። ከፍ የምታደርገው ለራሷ እንዲሰማት ነው፣ ምስኪን።

ስለዚህ ልጇ ላሮና ልትታጭ ነው ሲባል ከማንም በላይ የፈነጠዘችው እሷ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት የእጮኛዋ የቱሶ ዘመዶች መጡ። ግቢው ጠዋት ተጠርጎ አሸዋው ላይ የመጥረጊያው መስመር ይታያል። ወንዶቹ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ጓሮ የተቀቀለው ሥጋ እንደ አገሩ ደንብ እዚያው ድስቱ ውስጥ ይወቀጣል። የጥሎሹን ከብት ነገር አጎቶች ቀደም ብለው ጨርሰውታል። ቀለበቱ ከኪስ ሲወጣ የኬሌቦኔ ታላቅ ወንድም ራ ሞሌፌ፣ ነገር የሚወድ ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በይ እንግዲህ፣ ባለሙያዋ ትየው። ጠርሙስ አምጥተውልን እንዳይሆን!»

ሰው ሳቀ። ኬሌቦኔ ቀለበቱን ተቀብላ ወደ ፀሐይ አዞረችው። ድንጋዩ አብለጨለጨ። የእሷም ፊት በራ፤ ሥራ ከቆመ ወዲህ እንዲህ በርቶ አያውቅም።

«የምን ጠርሙስ! አንተ ጠርሙስ የምታውቀው ስለምትጠጣበት ነው። ይሄ ከኛ አፈር የወጣ ነው። ተባረክ ልጄ፤ እንጀራዬን አከበርክልኝ።»

ቱሶ ምድር ምድሩን አየ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን የሥራ ልማድ ክፉ ነው፤ ኬሌቦኔ ድንጋዩ በደንብ መያዙን ለማየት በጥፍሯ ገፋ አደረገችው። ተስፈንጥሮ ወጣ።

«ማንም እግሩን እንዳያነሳ!»

ጩኸቷ የፋብሪካው ጩኸት ነው። እዚያ ድንጋይ ከወደቀ ማሽን ይቆማል፤ አለቃውም ጠራጊዋም ባሉበት ይደርቃሉ፣ ጫማ ሥር ተጣብቆ እንዳይሄድ። እስኪገኝ ድረስ ምሳ የሚባል የለም። ግቢውም እንደዚያው ደረቀ። ራ ሞሌፌ የዝንጅብል መጠጡን አፉ ላይ እንደደገነ ቀረ። የቱሶ አክስት ከምንጣፉ ልትነሳ ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«ኧረ ወገቤን!» አለች አክስትየው።

«ትንሽ ይቻሉት እማማ፣ ለልጆቹ ሲሉ!» አለች ኬሌቦኔ።

ኬሌቦኔ በአዲሱ ቀሚሷ ተንበርክካ አሸዋውን እየዘገነች በጣቶቿ መሃል ታንጠረጥር ጀመር። የልጇን ቀለበት፣ በገዛ እጇ!

«እማማ» አለ ቱሶ። «ይተዉት።»

«ዝም በል ልጄ፣ አገኘዋለሁ። እኔ እጅ ገብቶ ጠፍቶ የቀረ ድንጋይ የለም።»

«አይ… ይተዉት። ከመሬት የወጣ አይደለም። ውጭ አገር በማሽን የሚሠሩት ነው። ርካሽ ነው፣ ሌላ አመጣለሁ።»

ኬሌቦኔ ቀና አለች። «አይሆንም። አይቼዋለሁ እኮ!»

«እኔ ነኝ እሱን ግዛ ያልኩት» አለች ላሮና። «በዓይን አይለይም፤ በተረፈው ገንዘብ ለቤታችን ብሎኬት እንገዛለን ብዬ ነው። ልነግርሽ ነበር እማ። እንደዚያ ደስ ብሎሽ ሳይ አፈርኩ።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ምን ገትሮ አቆመን?» ራ ሞሌፌ መጠጡን ጨልጦ እግሩን አነሳ። አክስትየው ወገቧን ይዛ ተቃናች። ከዚያ ሁሉም ተንቀሳቀሰ። ሴቶቹ ሳህን ይዘው፣ ልጆቹ እየተሯሯጡ፣ ድንጋዩ የወደቀበትን አሸዋ እየረገጡ አለፉ። ክፋት የለባቸውም፤ ርቧቸው ነው።

ኬሌቦኔ አልተነሳችም። በልጇ አልተናደደችም፤ ብትናደድ ይሻላት ነበር። እሷም በላሮና ቦታ ብትሆን ብሎኬቱን ትመርጥ ነበር። እሷ እንኳ ካልገዛች የእነሱን አልማዝ ማን ይገዛል? ሆዷን ያባባውም ይኸው ነው።

ላሮና አጠገቧ ተንበረከከች። «ይቅር በይኝ እማ። ተነሺ፣ ምግብ ቀርቧል።»

«አይደውሉም» አለች ኬሌቦኔ።

«እነማን?»

«ፋብሪካው። አይጠሩንም፣ ላሮና።»

ይህን ብላ፣ የቱሶ ዘመዶች እያዩዋት፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።