ራት ሳይወርድ

አያቴ በፍኖተ ሰላም መሪጌታ ነበሩ፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸውም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነበር የምንላቸው። ካረፉ ወዲህ ዓይኔ ላይ የሚመጡት ማሕሌት ቆመው ሳይሆን ከራት በኋላ በግቢያችን ዋንዛ ዙሪያ መቋሚያቸውን ይዘው ሲንጎራደዱ ነው።

አንድ ጊዜ ድምፃቸው ሰለለ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ይጀምራሉ፣ ዜማው መሃል ላይ ይቆረጥባቸዋል። ብርድ ነው ብለን ዝንጅብልና ሎሚ ብናጠጣቸው ጭራሽ ባሰባቸው። ቡሬ ስንወስዳቸው አንዲት ሐኪም ጉሮሯቸውን በቀጭን መሣሪያ አየችና፣ «አባቴ፣ ብርድ አይደለም። የጨጓራዎ አሲድ ሽቅብ እየወጣ ጉሮሮዎን አቁስሎታል» አለቻቸው።

«ደረቴን እኮ አያቃጥለኝም፣ ልጄ።»

«ሳያቃጥልም ይወጣል። በጾም ሲውሉ ማታ እንደበሉ ይተኛሉ?»

የኔታ ሳቁ። «ለካ ዜማዬን የሰረቀኝ ሆዴ ኖሯል!»

መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ወሰዱ፤ በርበሬ ቀነሱ፤ የአልጋቸውን ራስጌ በድንጋይ ከፍ አስደረጉ፤ ራት እንደበሉ መተኛቱንም ትተው ዋንዛውን መዞር ጀመሩ። እኛንም በልተን ጋደም ስንል በመቋሚያቸው ነካ እያደረጉ፣ «ራት ሳይወርድ ራስ አይወርድም!» ይሉን ነበር። ከወራት በኋላ ድምፃቸው ተመለሰ፤ እስኪያርፉም አልከዳቸውም። ቢሻላቸውም ግን ዙሩን አንድም ማታ አልተዉትም።

በአርባቸው ዕለት እንግዳው ተሸኝቶ፣ ራት በልተን፣ ድካም ጥሎን ነበር። አክስቴ ፍራሹ ላይ ጋደም ልትል ጎንበስ አለችና መልሳ ቀና አለች። ወደ ግቢው ተከትለናት ወጣን። በዋንዛው ዙሪያ ዞርን፤ የፊተኛውን ቦታ ለእርሳቸው ትተን።