ከጨው ስር የነበረው ሽቶ

ይህ ነገር በጠቅላላው የወሰደብኝ ስድስት ካርቶን የሱዳን ሽቶና አምስት ወር እስር ነው። ይህን አሶሳ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀውን ለሚስቴ እንኳን ነግሬ አላውቅም፤ ለእናንተ ልናገር።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። እኔ ከድንበር ጨው እያመጣሁ እሸጣለሁ፤ ከጨው ስር ደግሞ ቀረጥ ያልነካው ሽቶ። የሚጭንልኝ አጥዬብ የሚባል የበርታ ሰው ነው፣ ባለአህያ። ከስር ምን እንዳለ አያውቅም፤ አልነገርኩትማ። አንድ ቀን ኬላው ጋ ስንደርስ ጠርሙስ ተሰብሮ ፈሰሰ። ፈታሹ አህያዋን አሸተተና፣ «ይቺ ልትዳር ነው እንዴ?» አለ።

ሁለታችንንም ወሰዱን። ለየብቻ ሲጠይቁን ምን አልኩ? «እኔ የማውቀው ጨው ነው፤ የቀረውን ባለአህያውን ጠይቁ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም ሳይመታኝ፣ በራሴ አፍ። እንዲህ ማለቴን ለአጥዬብ የነገረው የለም።

ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው። ወንበር ደርሶታል፣ ጠረጴዛው ገና መንገድ ላይ ነበር፤ መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አነጋገረኝ። ዕቃው የኔ መሆኑን ካመንኩ ክሱን ያቀልልኛል፣ አጥዬብንም ይለቀዋል። ከካድኩ ሁለታችንም እንከሰሳለን።

«ካመንኩ ስንት ነው?»

«ስድስት ወር ቢሆን ነው።»

«ሦስት አይሆንም?»

«ሰውዬ፣ ጉሊት መሰለህ?»

ላስብበት አልኩ። ምን ነበር የማስበው? ፈታሹ ሌላ ወረዳ መዛወሩን ሰምቻለሁ። ምስክር ከጠፋ እኔ እወጣለሁ፤ ሽቶው የተገኘው ግን የአጥዬብ አህያ ላይ ነው። ይህን ነበር የማስበው። እያሰብኩ አጥዬብን አርባ አንድ ቀን እስር ቤት አስቀመጥኩት።

አጥዬብ የቅል መለከት ይነፋል። ነፊዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ አንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። የእህቱ ሰርግ ሦስት ቀን ሲቀረው ጓደኞቹ እስር ቤቱ አጥር ጋ መጥተው ነፉ። ዜማው መሀሉ ላይ ጎደለ። ይሄኔ አጥዬብ እጁን አፉ ላይ አድርጎ የራሱን ድምፅ ከውስጥ ለቀቀላቸው፤ «ሁው!» በሁለተኛው ዙር እስረኛው ሁሉ «ሁው!» አለ። በሦስተኛው ጥበቃው። እኔም ጫማዬ እስኪወልቅ ጨፈርኩ፤ እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም። አጥዬብ ላቡን እየጠረገ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ አንተ ካለ እኔ አልፈራም» አለኝ።

ጭፈራው ሳያልቅ ጥበቃውን ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ውሰደኝ አልኩት።

አመንኩ። ዳኛው አምስት ወር ፈረደ፤ ሳልከራከር ያገኘሁት ብቸኛ ቅናሽ ነው። አጥዬብ ለሰርጉ ደረሰ። የመለከቱ ድምፅ እኛ ድረስ ተሰማ፣ ምንም አልጎደለውም፤ እኛም እስር ቤት ሆነን ጨፈርንለት።

ስወጣ ከተማው «ለድሀ ብሎ የታሰረ» እያለ ተቀበለኝ። አይደለም አላልኩም። አጥዬብ እስከ ዛሬ በየሰርጉ ከፊት ያስቀምጠኛል፤ እኔም እቀመጣለሁ። ይቅር በሉኝ ልበላችሁ? ይቅር የሚለኝ እሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ የሚያውቀው የለም።

እኔ በራሴ ዕቃ አምስት ወር ታሰርኩ። እሱ በኔ አፍ አርባ አንድ ቀን።