የሰባት ቤት ድጋሚ ቆጠራ

ታናሽ እህቴ ከማግባቷ በፊት ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ቆጥረው ነበር። የእኛ ወገኖች ከደቡብ ምዕራብ መጥተው ኮልፌ የከተሙ ነጋዴዎች ናቸው፤ የባሏ ወገኖች ደግሞ ጎጃሞች ናቸው። ዘመድ ሆነው ቢገኙ ኖሮ ከሁሉም በላይ የሚደነግጡት ቆጣሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ግን ወግ ነውና ተቆጠረ፣ ተመረቀ፣ ተበላ።

ከስድስት ዓመት በኋላ የእህቴ አማት፣ ያ ቆጠራ ስህተት ስላለበት እንደገና ይቆጠርልኝ አሉ።

ምክንያቱ የእህቴ ልጅ ናት። ዓመት ከመንፈቅ እስኪሆናት ድረስ እንደማንኛውም ልጅ ነበረች። «ውሃ» ትላለች፣ ብስኩት ይዛ ትበላለች፣ መነጽሬን ከፊቴ ላይ መንትፋ ትስቃለች። ከዚያ የያዘቻቸው ቃላት አንድ በአንድ ጠፉ። እጆቿም መያዝ ተዉና ደረቷ ላይ ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ይፋተጉ ጀመር። እህቴ የምትኖርበት የዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶች የየራሳቸውን ምርመራ ሰጡ። አንዷ ቡዳ ነው አለች፣ ሌላዋ ቴሌቪዥን፣ ከታች ያሉት ሴትዮ ደግሞ የአራተኛ ፎቅ ንፋስ ነው ብለው ፈረዱ። በመጨረሻ አንዲት የሕፃናት ነርቭ ሐኪም ደሟን ውጭ አገር ልካ አስመረመረችና ሬት ሲንድሮም የሚባል በሽታ መሆኑ ታወቀ።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ማስረዳቱ ለእኔ ተጣለ። በአንጎላችን ሴሎች ውስጥ ሥራው በአብዛኛው ሌሎች ጂኖችን ጸጥ ማሰኘት የሆነ አንድ ፕሮቲን አለ። የክፍል አለቃ ማለት ነው። አንተ ተቀመጥ፣ አንቺ ተራሽ አልደረሰም ይላል። የልጅቷ ጂን ላይ አንዲት ፊደል ስለተሳሳተች አለቃው ሥራውን በትክክል መሥራት አልቻለም፤ ክፍሉም ተረበሸ። ይህን ስናገር የእህቴ አማት በጥሞና አዳመጡኝ። ካልኩት ሁሉ ይዘው የሄዱት ግን ነገሩ የዘር መሆኑን ብቻ ነው። የዘር ከሆነ የማን ዘር እንደሆነ ይለይ፣ ከእናንተ ከሆነ ልጄ ወደ ቤቱ ይመለሳል አሉ።

እውነቱን ለመናገር ልጃቸው ቀድሞ ተመልሶ ነበር። ሁለቱም ወላጆች ለምርመራ ደም ከሰጡ ጀምሮ፣ ሁለት ወር ሙሉ የሚያድረው አስኮ፣ እናቱ ዘንድ ነው። ሲጠየቅ ለሥራዬ ይቀርበኛል ይላል። የሚሠራው አየር ጤና ነው። አስኮ ከዓለም ባንክ ይልቅ ለአየር ጤና የሚቀርብበትን ካርታ እስካሁን አላየሁም። እኔ በበኩሌ ፈሪ፣ የእናቱ ቀሚስ ሥር የተወሸቀ ብዬ መዝግቤው ነበር። ለእህቴም ሳልደብቅ ነግሬያታለሁ።

ቆጠራው እሁድ ከሰዓት እህቴ ቤት ተባለ። ቅዳሜ ዕለት ከእህቴ ጋር ሐኪሟ ዘንድ ሄደን የወላጆቹን ውጤት ተቀበልን። ስህተቱ በእናትየዋም በአባትየውም ደም ውስጥ አልተገኘም። አዲስ ነው፤ ከማንም አልተወረሰም። ሐኪሟ አንድ ነገር ጨመረች፦ እንዲህ ያለው አዲስ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው በአባት በኩል፣ የዘር ፍሬው ሲሠራ ነው። እህቴ ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ልብ ያለቻት አልመሰለኝም። እኔ ግን እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ ይዣት ወጣሁ። እህቴ ወረቀቱን ሰጥታኝ ነገ አንቺ አስረጂልኝ አለችኝ። እሺ አልኳት። መቼ እንደማስረዳ ግን አልነገርኳትም።

እሁድ ከየወገኑ ሦስት ሦስት ሽማግሌ መጣ። አማትየው ሶፋው ላይ፣ ባልየው ልጅቷን አቅፎ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ፣ ባዶ ካርቶንና ማርከር ይዤ፣ ጸሐፊ ነኝ ብዬ ራሴን ሾምኩ። አጎቴ የእኛን ወገን አባቶች እንደ ታክሲ ረዳት በፍጥነት ጠራቸው፤ ከፍጥነቱ የተነሳ አንዱን ሰውዬ ሁለት ጊዜ አሳፈረው። በእነሱ በኩል የቆጠሩት ሽማግሌ ስድስተኛው ላይ ደርሰው ስሙ ጠፋባቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ የጠሩት የአገራቸውን ወንዝ ስም ነው። ያንን ወንዝ ነጋዴው አያቴ ለንግድ ይሻገረው እንደነበር ሲያወራ ስለሰማሁ አውቀዋለሁ። ምንም ሳልል አራት ማዕዘን ሠርቼለት ከአያቶቹ ተርታ አስገባሁት።

ቀጥሎ ክሱ መጣ። የእኛዎቹ፣ ከእናንተ አያቶች አንዱ አሥራ አንድ ዓመት ሳይናገሩ ኖረዋል ይባላል አሉ። እነሱም፣ አዎ፣ ከሚስታቸው ጋር ተኳርፈው ነው፤ ከጎረቤት ጋር ግን ያወሩ ነበር ብለው ተከላከሉ። ወዲያው ደግሞ ብቻዋን ትስቃለች የምትባለውን አክስታችንን አነሱብን። አጎቴ ተቆጥቶ፣ አክስታችን የምትስቀው ባሏ ሲገባ ብቻ እንደሆነ መሰከረ። ሁለቱም ወገኖች ይህን በቂ ማስረጃ አድርገው ተቀበሉት።

እዚህ ላይ ካርቶኑን ሳየው አንዲት ሴት የለችበትም። አሥራ አራቱም ወንዶች እርስ በርሳቸው የተወላለዱ ነው የሚመስለው። ያ ጂን ያለው ደግሞ ኤክስ የሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ያንን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአባትየው በኩል የተቆጠሩት አያቶች፣ ወንዙን ጨምሮ፣ ለልጅቷ ያንን ክሮሞዞም ሊሰጧት አይችሉም። ከእኛም በኩል ቢሆን ከራሳችን አባት ወደ ላይ ያሉት ሁሉ ነጻ ናቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተመረመሩት በጉዳዩ የሌሉበት ሰዎች ነበሩ። ይህን እያወቅኩ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ፣ ቀጥሉ፣ እየጻፍኩ ነው አልኳቸው። እንደዚያን ቀን ደስ ያለኝ ቀን ትንሽ ነው።

ደስታዬን ያቆሙት አማትየው ናቸው። ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ተወልዶ አያውቅም፣ ልጄ ጤነኛ ነው፣ ዕቃውን ይዞ ዛሬውኑ ከእኔ ጋር ይሂድ አሉ። እህቴ አንገቷን ደፋች። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ብድግ አልኩ። ያቺን ከቅዳሜ ጀምሮ ይዣት የዋልኩትን ነገር፣ ከልጅዎ ነው የመጣው የምትለዋን፣ ላወጣት አፌን ከፈትኩ።

ባልየው ቀደመኝ።

«እማዬ፣ ከእኔ ነው» አለ። «ደም የሰጠሁ ቀን ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ በአባት በኩል ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሷን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።»

እሷን ሲል ሚስቱን ይሁን ልጁን አልለየም። አማትየው፣ ይህን በሆድህ ይዘህ ነው ወይ ሁለት ወር ሙሉ ቤቴ የምትገባውና የምትወጣው ብለው ጠየቁት። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ለመምቻ የያዝኩትን ነገር ሰውዬው ሁለት ወር ራሱን ሲመታበት ከርሟል። ወረቀቱ ደግሞ በሩ ላይ ሲገባ ልሰጠው የምችለው ነበር። ቀልዴን ልጨርስ ብዬ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ አስቀመጥኩት። አፈርኩ። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ወረቀቱን አነበብኩለት። በአንተም ደም በእሷም ደም ውስጥ የለም አልኩት። ሴል ሲራባ ጽሑፉን ይገለብጣል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ሲገለብጥ አይቻለሁ፣ አንድ ቦታ አንዲት ፊደል ያልሳተ አላገኘሁም። በአንተ በኩል ቢፈጠር እንኳ አንተ አድርገኸው አይደለም፤ የማንም ጥፋት አይደለም አልኩት። አጎቴ ካርቶኑን ቀስ ብሎ አጥፎ ሥሩ አድርጎ ተቀመጠበት።

ባልየው እህቴን አያት። ይቅርታ ሊጠይቃት ሲጀምር አቋረጠችው። ያን ቀን ሙሉ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«እኔ ደምህን አልጠየቅኩህም» አለችው። «ሁለት ወር ብቻዬን ነው ያበላኋት።»

ተነስታ ገንፎ በሳህን አመጣችና ማንኪያውን በእጁ አስያዘችው። ወዲያው ወደ ልጁ አፍ ወሰደው፤ ልጅቷ ፊቷን አዞረች። እንደዚያ አይደለም አለችው እህቴ፤ አሁን የምትናገረው በዓይኗ ነው፤ ስትፈልግ ታይሃለች፣ እስክታይህ ጠብቅ። ማንኪያውን እንደያዘ ጠበቀ። አማትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ከቀትር ጀምሮ አፋቸውን ያልዘጉት ስድስቱ ሽማግሌዎችም ጠበቁ። ገንፎው መቀዝቀዝ ጀመረ። ልጅቷ ጣሪያውን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ አያቷን አየች። በመጨረሻ ዓይኗን አምጥታ እሱ ፊት ላይ አሳረፈች።

«አሁን ስጣት» አለችው እህቴ።