ባጃጁ አግድም የሚቆምበት ሰዓት

እታፈራሁ አንድ ተራ ቀን ምን እንደሚያስወጣት በደንብ አስባበታለች። ጠዋት ልጇን በእግር ትምህርት ቤት ለማድረስ ከወትሮው ቀድማ መነሳት አለባት፤ እንቅልፏ እዚያ ላይ ይሄዳል። የመንገዱ ጠጠር የጫማዋን ሶል ይበላዋል። ማታ ላይ ድምጿ ይዘጋል፤ መንገድ ላይ ልጆቹን ስትጣራ ታመሻለቻ። ከሁሉ የሚከብደው ግን አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሰው ከሥራ የሚወጣበት፣ ሱቋ ደንበኛ የሚያይበት ምርጥ ሰዓት እሱ ነው። እሷ ግን ልክ በዚያ ሰዓት የሱቋን መስኮት ትዘጋና ገመድ ይዛ ትወጣለች። ባሏ ሽፈራውም ከመናኸሪያ የሚወጣው መንገደኛ ባጃጅ በሚሻማበት በዚያው ሰዓት፣ ሰማያዊ ባጃጁን ያመጣና የሰፈሩ መግቢያ ላይ አግድም ያቆማታል። ሌላ ባጃጅ እንዳይገባ፣ ልጆች እንዲጫወቱ።

«ዛሬም ከሰርን» ይላል ሽፈራው ሞተሩን እያጠፋ።

«የምን ኪሳራ? ልጅህን እየው!» ትለዋለች።

ልጃቸው ኪሩቤል ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ትንሽ ሳለ ጉንጩን ሳይቆነጥር የሚያልፍ ጎረቤት አልነበረም። «አንቺ፣ ምን እያበላሽው ነው እንዲህ ያማረልሽ?» ይሏታል፤ እሷም ደስ እያላት «እሱ ይመስገን» ትላለች። በሰው ዓይን ልጅ ከሳ ማለት እናቱ አልቻለችበትም ማለት ነው፤ ወፈረ ማለት ደግሞ ቤቱ ሙሉ ነው። እንግዳ የሚመጣው ብስኩትና ጁስ ይዞ ነው፤ ዘመድ ቤት ሲሄዱም የሚሸኟቸው ለልጁ ካራሜላ አስይዘው ነው። ሱቁም የቤቱ መስኮት ስለሆነ፣ ኪሩቤል ከትምህርት ቤት መጥቶ እናቱ አጠገብ ቁጭ ይል ነበር፤ በአንድ እጁ ስልክ፣ በአንድ እጁ ክሬም ብስኩት።

ጾም ሲገባ ይብስ ነበር። ልጁ «እኔም ከእናንተ ጋር ልጹም» ይላል፤ አንጀታቸውን ይበላዋል። ለስላሳ ይከፍቱለታል፣ ብስኩት ይጨምሩለታል። «የጾም ነው እኮ!» ይባባላሉ። ወተትና ቅቤ የሌለበት ነገር ሁሉ ልጅ የማይጎዳ ይመስላቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ቢሆንም አባት ባጃጅ እያለው ልጅ በእግሩ አይሄድም ተብሎ በባጃጅ ይመላለስ ነበር።

እታፈራሁ ነገሩ የገባት ከሱቋ መስኮት ሆና ስታይ ነው። የሰፈሩ ልጆች ገመድ ይዘላሉ። የጎረቤት ልጅ ሐና፣ በዝላይ የሚያህላት የሌለ ደፋር ልጅ፣ «ኪሩ፣ አንተ ያዝ!» ትላለች። ኪሩቤል ይይዛል። ተራ ይዞራል፣ እሱ ይይዛል። በማግስቱም ይይዛል።

«ለምንድን ነው የማትዘለው?» አለችው ሲገባ።

«እኔ ገመድ ያዥ ነኝ።»

«ሁልጊዜ?»

«ስዘል ይስቃሉ። ስይዝ ግን አይስቁም።»

ከሳምንት በኋላ መያዙንም ተወው። ከቤት አልወጣ አለ።

እታፈራሁ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተሯ ልጁን መዘነች፣ ቁመቱን ለካች፣ ከዚያ ውጭ እንዲጠብቅ ነግራው እናቱን አስቀመጠቻት። «ክብደቱ ከዕድሜውና ከቁመቱ አልፏል። አትደንግጪ፤ አታስርቢውም። ለብቻው ሳህን አትለዪበት፤ ቤቱ በሙሉ ይለወጥ። ለስላሳውን ተዉት፣ ውሃ ጠጡ። በጊዜ ይተኛ። ከሁሉ በላይ ይጫወት፤ ላብ እስኪያጠምቀው ይጫወት።»

«የት ይጫወት ሲስተር? በራችን ላይ ባጃጅ እንደ ንብ ነው የሚርመሰመሰው።»

«እሱን እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ያንን ለሽፈራው ነገረችው። እራት ላይ ነበሩ።

«መንገዱ ላይ የሚያስፈራው ምንድን ነው?» አለችው።

«ባጃጅ ነዋ።»

«ባጃጅ ያለው ማነው?»

ሽፈራው ጉርሻውን እንደያዘ ሳቀ። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባጃጁን የሰፈሩ መግቢያ ላይ አግድም አቆማት።

ጓደኞቹ አልማሩትም። «ሽፌ፣ ተበላሸችብህ? እንግፋልህ?»

«አልተበላሸችም፤ ልጆች እየዘለሉ ነው። በዚያ ዙሩ!»

«አይ ሽፌ! ትራፊክ ፖሊስ ሆንክልን!»

ኪሩቤል ግን በር ላይ ቆሞ አልወጣ አለ። ያኔ እታፈራሁ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ በዚያ በነጠላ ጫማዋ ገመዱ ውስጥ ገባች። ሁለቴ እንደዘለለች ጫማዋ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ወደቀች። ልጆቹ መሬት ላይ እስኪንከባለሉ ሳቁ። ሐና «እትዬ፣ እንደ ጆንያ ዱብ አሉ እኮ!» አለቻት። እታፈራሁም አብራ ሳቀች፤ አቧራዋን አራግፋ ጫማዋን አወለቀችና እንደገና ገባች።

ኪሩቤል ቀስ ብሎ መጣ። «ሳቁብሽ» አላት።

«ሳቁ። ታዲያ ምን ሆንኩ?»

ትንሽ አሰበና ገመዱ ውስጥ ገባ።

ቤቱ በአንድ ቀን አልተለወጠም። ሱቁን አልዘጋችውም፤ የሚበሉት ከእሱ ነው። ግን ብስኩቱ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ወጣ፣ ሙዝና ማንጎ እጅ የሚደርስበት ወረደ። ሽፈራው ከለስላሳ ጋር ለመለያየት ከልጁ በላይ ተቸገረ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሰፈሩ በታች እስካለው ሐይቅ ድረስ በእግራቸው ይወርዳሉ፤ ኪሩቤል ደከመኝ ሲል ያርፋሉ፣ ግን ባጃጅ አይጠሩም።

ገመድ ዝላዩ ከተጀመረ ዓመት ሊሞላው ሲል የሽፈራው እናት እማማ ብዙአየሁ ከደብረ ብርሃን መጡ፤ በእጃቸው አንድ ካርቶን ብስኩት። የልጅ ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙት፣ ከዚያ ራቅ አድርገው አዩትና ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው ልጄ? ታሞ ነበር እንዴ?»

«ደህና ነው እማማ፤ ቁመት ጨምሮ ነው» አለች እታፈራሁ።

«ጉንጩንስ ማን በላው?»

ሽፈራው ሳቅ አፈነው። እማማ ግን አልሳቁም። «ሱቅ ተከፍቶ ልጅ እንዲህ ይሁን? ክረምቱን እኔ ጋ ይከርማል። በወተት በቅቤ አድርጌ ወደ መልኩ እመልሰዋለሁ።»

እታፈራሁ ባሏን አየችው። ሽፈራው ከእናቱ ጋር መልስ መመላለስ አልለመደም። ዓመቱን ሙሉ የለፋችበት ነገር በአንድ ክረምት ሊፈርስ ነው። ኪሩቤል ደግሞ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ ያያል። አሥራ አንድ ሆኗል። አማት ከመንገድ ገብተው ሳያርፉ ጥሎ መውጣት ነውር ነው።

«እማማ» አለች በመጨረሻ፣ «ቅር አይበልዎትና ወንበር ላውጣልዎት። ውጭ ሆነው ይዩት። ካዩት በኋላ ያሉትን እሰማለሁ።»

እማማ እያጉረመረሙ ወጥተው ተቀመጡ። ባጃጁ አግድም ቆመ፣ ልጆች ከየበሩ ፈሰሱ። «ኪሩ ግባ!» አለች ሐና። ገባ። ዘለለ፣ ዘለለ፣ ገመዱ እግሩን ያዘውና በጉልበቱ ተደፋ።

«ያውልሽ! ገደልሽው!» እማማ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

ኪሩቤል ጉልበቱን ጠረገ። «ድጋሚ!» ብሎ ጮኸ። ተመልሶ ገባ፤ አሁን ከሐና ጋር ጎን ለጎን፣ እየሳቀ፣ ፊቱ በላብ እያበራ። ማንም ያዝ አላለውም። እማማ ሳይታወቃቸው ቁጭ አሉ።

«አያቴ፣ ነይ አንቺ ያዥልን!» አለ ኪሩቤል ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«እኔ? ወግድ!» አሉ። ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። በአንድ ጫፍ እሳቸው፣ በሌላው ሽፈራው። «ኧረ እንዲህ አይደለም የሚዞረው! ክንድህን ልቀቀው እንጂ!» ብለው በልጃቸው ላይ ጮኹበት። ሲደክማቸው ቆም አሉና ሽፈራውን አዩት። «አንተስ በሱ ዕድሜ መቼ ጉንጭ ነበረህ? ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ነበር የምትውለው። ከሳህ ብዬ አዝኜም አላውቅ።»

«ክረምቱስ እማዬ?»

«ይምጣ! ገመዱን ይዞ ይምጣ፤ እዚያ ያሉት ልጆችም ስልክ ላይ ተደፍተዋል።»

የብስኩቱ ካርቶን ሳይከፈት የላይኛው መደርደሪያ ላይ ወጣ። እማማ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ዛሬ ከጎን ያለው ሰፈርም አግዳሚ ወንበር እየጎተተ መንገዱን በዚያ ሰዓት ይዘጋል። እታፈራሁ በፊት በልጇ ጉንጭ ነበር የምትኮራው፤ አሁን በጉልበቱ ትኮራለች፤ ቁስሉን እንኳ ሳይቀር ለደንበኛ ታሳያለች። ይህን የምታነቡትንም አንድ ነገር ትለምናለች፦ «ልጅ ያለበት ቤት ስትሄዱ ለልጁ ብላችሁ ብስኩትና ጁስ አትያዙ። ባዶ እጅ መምጣት እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ፤ እኔንም ይከብደኛል። ግን እባካችሁ ባዶ እጃችሁን ኑ። የገመዱን ጫፍ ትይዙበታላችሁ።»